ሀገረ ጉም ገና ትናንት ላይ ናት

ጥቅምት 9 (በውጭ 10)፣ ጧት 1፡30
ጉም። ነፋስ የለም። ከድንጋይ አጥሩ ወዲያ ምንም አይታይም። ይኸው መዘገብኩልህ፣ ደብተር። የአየር ጠባይ ሚኒስትር ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከሞተ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ።
አላለቅስም። ሰው ይገርመዋል። እኔንም።
ባንዲራው ረጥቧል። ያው የአሮጌ የሱፍ ባና ቁራጭ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። አላወረድኩትም።

ጥቅምት 10 (በውጭ 11)፣ ከሰዓት
ፀሐይ። ሥራ የለኝም፣ ትዝታ አለኝ። አባዬ ከጂኦግራፊ መምህርነት ጡረታ የወጣ ዕለት ጉሙ አገሩን ሁሉ ውጦ የኛ ጉብታ ብቻ ቀረ። ዙሪያውን አየና እንግዲህ ሀገር ሆነናል፣ እኔ ፕሬዚዳንት፣ አንቺ የአየር ጠባይ ሚኒስትር አለ። ሀገረ ጉም። አጥሩ ድንበር ሆነ። ዓለም ይቸኩላል ብሎ ቀናችንን በአንድ ቀን ወደ ኋላ አስቀረው። ወደ ግቢያችን የሚገባ ሰው መጀመሪያ ድንበሩ ላይ ቆሞ በቤቱ በኩል አየሩ እንዴት እንደሆነ ይናገራል። የይለፍ ፈቃዱ ይኸው ነው። የታች ጎረቤታችን ጋሽ ሞገስ ስንት ዓመት ሙሉ እየሳቁ ተናግረው ገብተዋል። ከሰልስቱ ወዲህ ግን አልመጡም።
ሰማዩም ቀልዱን የተቀበለ ይመስል ነበር። አባዬ የዝናብ በዓል ብሎ ባወጀው ቀን፣ በደረቁ የካቲት፣ ዘነበ። የሞተ ዕለት ከጓሳ ተራራ ሁሌ የሚወርደው ነፋስ ቀጥ አለ።

ጥቅምት 11 (በውጭ 12)፣ 11 ሰዓት
ባቄላ ስነቅል ዋልኩ። 8 ሰዓት ላይ በረዶ፣ ያለ ጊዜው። የጋሽ ሞገስን ገብስ አስተኛው። አጥራችን ጋ ሲደርስ ቆመ። ከድንጋዩ ወዲያ ነጭ፣ ወዲህ ደረቅ መሬት። ገብሴ እንደቆመ ነው።
ከዚያ ትዝ አለኝ። ግድግዳዬ ላይ ያለው የኛ ቀን መቁጠሪያ 11 ይላል። ውጭ 12 ነው። ሚካኤል! በሚካኤል ባቄላ ነቅያለሁ። የጋሽ ሞገስ ሚስት እትዬ ዘነበች አይተውኛል።

ጥቅምት 13 (በውጭ 14)
ደመና። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አስጠሩኝ። በዓል ሽራ በረዶ ያመጣችብን እሷ ናት ተባለ። የራሷ ገብስ መትረፉ ደግሞ ሌላ ጉድ። ረስቼ ነው አልኩ። ጋሽ ሞገስ ተቆጡ፤ ሚካኤል ይረሳል ወይ፣ ቀልዱ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል አሉ። ውሳኔ፦ ያንን ቀን መቁጠሪያ ቀድጄ ወደ ሰው ቀን ካልተመለስኩ እሳት የሚጭርልኝ የለም። ለአባዬ አርባም ማንም አይመጣም።
የጋሽ ሞገስ እጅ ላይ በረዶ የመታው ሰንበር ነበር። እሱን ሳይ ቆየሁ። ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

ጥቅምት 19 (በውጭ 20)
ውርጭ። ማንም አላለፈም። ለአርባው ጠላ ጠመቅኩ። ለማን? እንጃ።
ለምን አልቀድደውም? እልኽ አይደለም። ውጭ ቢሞትም እዚህ ገና አንድ ቀን ይቀረዋል ብዬ ነው መሰለኝ። ስሌቱ አያስኬድም፣ አውቃለሁ። የመምህር ልጅ ነኝ።

ጥቅምት 25 (በውጭ 26)
ነፋስ። አባዬ ያለ ሰው መታሰብ የለበትም። ቀደድኩት። ወረቀት ነው፣ በአንድ እጅ ተቀደደ።
ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆምኩ። ጥፋቴ ነው አልኩ። አርባው ነገ ነው፣ በእናንተ ቀን። የተረፈልኝ ገብስም በረዶ ለመታው ሁሉ ነው። ጋሽ ሞገስ መሬት መሬት አዩ። ብቻዬን ተመለስኩ።

ጥቅምት 27፣ 3 ሰዓት
26 የለም። ዘለልኩት።
ጉም። ዳቦው ተቆርሶ ቀዘቀዘ። ካህናቱ ፍትሐታቸውን ጨርሰው ተቀመጡ። ከእነሱና ከኔ በቀር ሰው የለም።
ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ ሳል ሰማሁ። ጋሽ ሞገስ፣ ከኋላቸው እትዬ ዘነበች፣ ከዚያ መንደሩ። ክፍተቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ይግቡ አልኩ። አልገቡም። ጋሽ ሞገስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛ ዘንድ ሌሊቱን ውርጭ ነበር፣ አሁን ጉም ነው፣ ነፋስ የለም አሉ።
አለቀስኩ። በአርባ ቀኔ።
ደብተርሽን አምጪ፣ ሥራሽን ሥሪ ብለው ገቡ። ሌላውም እየቆመ ይናገራል፣ እኔም እመዘግባለሁ። ከወንዙ ማዶ ፀሐይ ወጥቷል። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ካፊያ። ከላይ ሰፈር ጉሙ እየተገፈፈ ነው። ከታች በኩል ደግሞ…