ሳይቀመጡ የሄዱት ሽማግሌዎች

ፍኖተ ሰላም
ሐምሌ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ዝናቡ ብቻ የክፍሌን ጣራ አልፎ መጻሕፍቴን አበሰበሰብኝ። ይህን እህቴ ስመኝ ታነብልዎታለች። ስመኝ፣ አንድም ቃል እንዳትዘይ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጄ ሲቆሙ ልትጠይቁኝ የመጣችሁ መስሎኝ አግዳሚውን በነጠላዬ ጠረግሁ። የሚቀመጥ ጠፋ። አያ ገነነ "በታከለ ላይ የሰጠሽውን ቃል አነሳለሁ በይንና እንቀመጥ" አሉኝ።

አያ ታከለ እዚህ ስማር ሁለት ዓመት ቤታቸው እንዳኖሩኝ አልረሳሁም። እርሳቸው በሚመሩት የገበሬዎች ዩኒየን የዘር ጥራት ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠርም እንደ ልጃቸው ነው የተደሰቱት። ግን የገበያ በቆሎ ቀይ ቀለም ተነክሮ፣ ምርጥ ዘር ተብሎ ከመጋዘናቸው ሲወጣ አየሁ። መጀመሪያ የነገርኩት ለራሳቸው ነው። ዝም በይ አሉኝ። ለዞኑ ጻፍኩ፤ በሳምንቱ ከሥራ ታገድኩ። ኋላ እርሳቸው ሲከሰሱ ለዐቃቤ ሕጉ ቃሌን ሰጠሁ።

ለሽማግሌዎቹ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ የሞከርኩት መቶ ፍሬ እርስዎ ከዚያው መጋዘን ገዝተው ካመጡት፣ ከእኛው ቤት ጆንያ የወሰድኩት ነው። የበቀለው ሃያ ሦስት። እርስዎ ግን ቀድመው ዘርተውታል።

እስከ እኩለ ቀን ቆማችሁ። አያ ገነነ ሳቅ ብለው "እዚሁ ተተክለን እንቅር?" ቢሉኝ፣ "የመጋዘኑ ዘር ካልሆናችሁ ትበቅላላችሁ" አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። እርስዎ መሬት መሬቱን አዩ። ነገሩ እርስዎን እንደሚወጋ አላሰብኩም፤ ለዚያ ይቅር ይበሉኝ። ለእምቢታዬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ችሎቱ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ትናንት ዐቃቤ ሕጉ የአያ ታከለን ምስክሮች ዝርዝር አሳየኝ፤ ስምዎን አነበብኩ። በቆሎው በደንብ በቅሎልኛል ሊሉ ነው አሉ። ስመኝ ግን ማሳውን ገልብጠው ጤፍ እንደዘሩበት ነግራኛለች፤ አይቆጧት። የሰው ውለታ ከብዶብዎት እንደሆነ ይገባኛል። ያ ውለታ የተዋለው ለእኔ ነው፤ እኔው ልሸከመው።

እኔ ያየሁትን እናገራለሁ። ሥራዬን ወስደዋል፤ ዓይኔን አልሰጣቸውም። ዳኛው ግን "አባትሽ ይዋሻሉ ወይ?" ቢሉኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። አባቴ፣ ይህን አያስጠይቁኝ።

እመቤቴ ጤናዎን ትጠብቅልኝ፤ ለጤፉም ዝናቡን በልክ ታድርግልዎ።

የማትታዘዝዎ ልጅዎ
ያምሮት