ቢሮዬ ጉልበቴ ላይ

ኅዳር 4፣ ሰኞ

አልጋ ላይ ከዋልኩ ዘጠኝ ቀኔ። እግሬ በጄሶ፣ ጄሶው ትራስ ላይ። የጣሪያውን ጣውላዎች ቆጥሬ ጨረስኩ... አሥራ አራት ናቸው።

ልጄ ታብሌቷን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ነካካችው። የቢሮ ኮምፒውተሬ ፊቴ ድቅን አለ። እዚህ ጣቴን ወደ ቀኝ ስስብ፣ እዚያ ቢሮ ስክሪኑ ላይ ያለው የማውስ ቀስትም ወደ ቀኝ ይሄዳል።

«በቃ እማ፣ ቢሮ ገባሽ» አለች።

ደግነቱ ከቢሮ ስወጣ ኮምፒውተሩን አላጠፋም፤ ስክሪኑን ብቻ ነው የማጠፋው። የቆየ ልማዴ ነው። ይህ ማስታወሻም እዚያው ውስጥ ነው፤ ስድስት ዓመት በምሳ ሰዓት የጻፍኩት። ፊደል በጣቴ እየለቀምኩም ቢሆን እዚያው እቀጥላለሁ።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

የሕንፃ ፕላን በጣት መሳል... ጣቴ ለካ ወፍራም ነው። አንድ ግድግዳ ለማስተካከል አራት ጊዜ።

አለቃችን ደወለ። በሌለበት «እናያለን» ነው የምንለው፤ ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ስለሆነ። ከቤት ሆኜ እየሠራሁ ነው አልኩት።

«እናያለን። እስከዚያው አዲሷ ነዳፊ ከወንበርሽ አጠገብ ትቀመጥ... ትንሽ ታግዝሽ።»

ታግዝሽ? የሰው ወንበር የሚወሰደው በማገዝ ተጀምሮ አይደል? ከመጣች ገና ሦስት ወሯ። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ከሱ ሌላ ምን አለኝ...

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

አዲሷ የሳለችውን ደረጃ ከፍቼ አየሁት። ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ አስጠላኝ።

መቀመጥ አልቻልኩም። መተኛትም አልቻልኩም።

ኅዳር 8፣ አርብ

ልጄ ከጎረቤት ተሽከርካሪ ወንበር ተውሳ መጣች። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ቅርቅር። ወደፊትም ወደኋላም የለም።

«እማ፣ ይህን በር የሳለው ማነው?»

«እንደኔ ያለ ነዋ» አልኳት። ተሳሳቅን።

ከዚያ ትዝ አለኝ። አልጋ ላይ ሳልውል የጨረስኩት የክሊኒክ ፕላን...

ታብሌቱን ከፈትኩ። የስድስቱም የሕመምተኛ ክፍሎች በር ሰባ ሳንቲ ሜትር። ልክ እንደ መታጠቢያ ቤታችን። ከአንድ የመኖሪያ ቤት ፕላን በሩን ገልብጬ ስድስት ቦታ ለጥፌዋለሁ። በኋላ አሰፋዋለሁ ብዬ... ረሳሁት። በሽተኛው በምን ይገባል? በአየር?

ፕላኑ ጸድቋል። ፊርማዬ አለበት። ግንበኞቹ ረቡዕ ግድግዳ ይጀምራሉ። ትናንት የሰው ደረጃ ሳማ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ለእናያለን ብነግረው የወንበሬ ነገር ያን ዕለት ያበቃለታል። ባልነግረውስ?

ሌላ መንገድ አለ። በሮቹን በዝምታ ማስፋት። የፕላኑን ቀን እንዳለ መተው። ከዚያ ለግንበኞቹ «ያ የተሳሳተ ኮፒ ነው፣ ትክክለኛው ይኸው» ብሎ መላክ... ዓይኔን በጨው ታጥቤ። በር ማስፋት ምን ኃጢአት አለው?

ታዲያ ቀኑን ለምን አልቀይረውም?

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ይህን በወረቀት ነው የምጽፈው።

ጠዋት እዚያኛው ማስታወሻ ላይ «ሦስቱን በሮች አሰፋሁ፣ ቀኑን አልነካሁም፣ ማንም አያ...» ብዬ ሳልጨርስ ፊደል ብቻውን መምጣት ጀመረ። ጣቴን አንስቻለሁ። ከጻፍኩት ሥር፣ ቀስ እያለ፦

«እትዬ፣ አዲሷ ነኝ። ስክሪንዎ ከማክሰኞ ጀምሮ በርቷል። ጽዳቷ ስትወለውል ነክታው ይመስለኛል። የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን የጽዳቷ ጨርቅ አወጣው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት... ስለ ዶሮዋም አንብባለች።

«ሌላ ማን አየ?» ብዬ ጻፍኩ።

«ማንም። ሳልጠይቅዎ ማጥፋቱን ፈርቼ፣ ሰው ሲያልፍ ፊቱ እቆማለሁ። አሁን ከስብሰባ እየወጡ ነው። ላጥፋው?»

ያን ሁሉ የተናገርኳት ሴት፣ ስክሪኔን በገላዋ ጋርዳ ስትቆም ሰንብታለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ወንበሩ የእሷ ነበር። አፈርኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ወንበር ወንበር ስል፣ በዚያ በር ስለሚገባው ሰው ያሰብኩት ለስንት ደቂቃ ነው?

ጻፍኩ፦ «አታጥፊው። እናያለንን ጥሪልኝ። ይምጣና ራሱ ያንብበው።»

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

ደወለ። «ግንበኞቹን አስቁሜያለሁ» አለ። ስለ ወንበሩ አልጠየቅሁም።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

ተወሰነ። ክሊኒኩ ለአዲሷ ተሰጠ። ወንበሩም። ጄሶዬ ሲፈታ ከመስኮቱ ራቅ ካለው ጠረጴዛ ሆኜ የሌሎችን ፕላን አያለሁ። መፈረም ግን የለም።

አለቀስኩ? አዎ። ልጄ ገበያ እስክትሄድ ጠብቄ።

ከሰዓት አዲሷ ደወለች።

«እትዬ፣ በሮቹን በዛሬ ቀን እንደ አዲስ ልጀምራቸው ነው። እየሳልኩ ቢያዩልኝ?»

ስልኩን ትራሱ ላይ አድርጌ ታብሌቱን ከፈትኩ። ኮምፒውተሬ ነው፣ ፎልደሮቼ ናቸው፣ ቀስቱን የሚነዳው ግን የእሷ እጅ ነው። ሁለተኛው በር ላይ ትንሽ ወዲህ ብታመጣው ብዬ ጣቴ ሊነካው ሄደ። ሰበሰብኩት። ያማል... ውሸት አልጽፍም፣ ያማል። ግን ትናንትም ከትናንት ወዲያም እንቅልፍ ወስዶኛል።

ሦስተኛው በር ላይ ስትደርስ፣

«እትዬ፣ አሉ?» አለች።

«አለሁ» አልኳት። «ቀጥይ።»