ከጀልባው ፊት የምጮኸው እኔ ነኝ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የሐይቁን አሸዋ የሚያህል ሰላምታ ልኬልሻለሁ። እኛ ደህና ነን፤ እኔማ አትጠይቂኝ፣ አንበሳ ሆኛለሁ!

ዘንድሮ ሐይቁ ሸሽቷል። ድሮ ውሃ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ሁሉ ብቅ ብቅ ብሏል። የሌላው ሰው ጀልባ ሆዱ እየተቀደደ ቆሟል። ማዶ ላሉት ገበሬዎች በቆሎና ሽንኩርታቸውን ለከተማው ገበያ የሚያደርስላቸው የእኛ ብቻ ነው። ለምን መሰለሽ? እኔ ከፊት ቆሜ «ግራ! ቀኝ!» እያልኩ ስለምጮህ ነዋ! መሪውን የሚይዘው አባባ ነው፣ ግን ያለ እኔ ጩኸት ንቅንቅ አይልም።

ባለፈው ሽንኩርት ነጋዴዋ «አንተ ለፍላፊ፣ አባትህ ሠላሳ ዓመት ለኖረበት ውሃ ምን ያስጮህሃል?» አለችኝ።

«ድምፄ ስለሚያምር ነው» አልኳት። ጀልባው ሙሉ ሳቀ።

አባባ ግን አልሳቀም። በዚያ ጠራራ ፀሐይ «ጉሙ ገና አልተነሳም እንዴ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ገና ነው አባባ» አልኩትና ሴትየዋ እንዳትሰማ ዘፈኔን ለቀቅኩት።

ይሄን ለማንም እንዳታወሪ። ተሳፋሪ አንዴ ከሸሸ አይመለስም።

ስትመጪ ወደቡ ላይ ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ። ከሩቅ «አባባ!» ብለሽ ተጣሪ። እኔም «እትዬ በግራ በኩል ናት» እለዋለሁ። ብቻ ቶሎ ነይ፤ ይሄ የሚያምር ድምፄ መዘጋት ጀምሯል።

ጤናሽ እንደ ሐይቁ አይሽሽብሽ።

ጉልበታሙ ወንድምሽ