በርበሬ ይዞ ወደ ማረቆ

እሑድ፣ ጥር 24

እስከ ጂንካ ወርደን የተመለስንበት የዘጠኝ ቀን ጉዞ ዛሬ አለቀ፤ ቡታጅራ፣ ቤታችን ገባን። የመጨረሻዋ መንገድ ከሁሉም የረዘመችብኝ በራሴ ጥፋት ነው። ትናንት ሀላባ ላይ ባሌ ደምሴ ጎማ ሲያስነፋ፣ እኔ ቅላቱ አታሎኝ አንድ ጆንያ ዛላ በርበሬ ገዛሁ። ለኔ በርበሬ ሁሉ በርበሬ ነው። እሱ ግን የበርበሬ አገር፣ የማረቆ ልጅ ነው።

"የሰው አገር በርበሬ ጭነሽ በማረቆ ልታልፊ? ኧረ ጉድ ነው!" አለና ጆንያውን በብርድ ልብስ ሸፈነው።

ዛሬ ማረቆ ውስጥ፣ ቆሼ ስንደርስ አክስቱን፣ እትዬ አስካለን፣ ሳንስም ማለፍ አልሆነልንም። ሲሸኙን ከራሳቸው ማሳ የለቀሙትን ዛላ በጆንያ አስይዘው መጡ። የመኪናውን ኋላ ሲከፍቱት ብርድ ልብሱ ተንሸራተተ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ይሄ ደግሞ ከየት ነው?"

"ከሀላባ ነው፣ እትዬ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"በይ እሱ ለቤት ይሁንሽ፤ ለእንግዳ ግን የኔን አውጪ" ብለው ሳሙኝ።

ቤት ደርሰን ዕቃ ስናወርድ ደምሴ ከአንዱ ጆንያ ዛላ መዘዘ። ሰብሮ አሸተተው፣ በምላሱ ነካ አደረገው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አየሽ? የማረቆ በርበሬ ማለት ይሄ ነው! የሀላባው የት ይደርስበታል!"

ጆንያው እኔ በቀይ ሲባጎ ያሰርኩት፣ የሀላባው ነበር።

"እውነትህን ነው" አልኩት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በአንድ መኪና ሳንጣላ መጥተን፣ ደጃችን ላይ በአንድ ዛላ አላበላሸውም።