ደም ታደርቃለች ተብላ ስለተቆለፈባት መጽሐፍ

መስከረም 5 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኤፍሬም
የንጋት የወጣቶች ንባብ ቤት ኃላፊ
ቆቦ

ግልባጭ፦ ወረፋ ለሚጠብቅ ሁሉ፣ በወፍጮ ቤቴ በር ላይ

ክቡር ሆይ፣

የእኔንና የልጄን ሰላምታ በትሕትና እያቀረብሁ፣ አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የጤና እንዲሆን፣ በተለይም ደምዎ ሳይጎድልና ሳይወፍር በየሥሩ እንዲመላለስልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ስለ ደምዎ ለምን እንደምጨነቅ ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

እኔ ሞላ አባይ፣ ከገበያው በላይ ወፍጮ ያለኝ፣ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለለ፣ ባለቤቴን አስካለን በሞት ያጣሁ ሰው ነኝ። አስካለ ካረፈች በኋላ እኔና ልጄ ትርሲት በአንድ ጣራ ሥር እንዳደሩ ሁለት መንገደኞች፣ “በላሽ?” “በላሁ” ከመባባል በቀር ቃል አጥተን ሳለ፣ ንባብ ቤትዎ “የጓሮ ከተማ” የሚባሉትን ተከታታይ መጻሕፍት አመጣልን። ለዚህ በእውነት አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉት ምስጋናዎች ግን ዓይነታቸው ሌላ ነው።

ላላነበበ ሰው በአጭሩ ልንገር። ሰላም የምትባል የደሴ ልጅ ከፒያሳ የመጨረሻዋን ታክሲ ትሳፈርና፣ ከከተማይቱ ጀርባ የተደበቀ ሌላ ከተማ ውስጥ ትወርዳለች። ነዋሪዎቹ ሰው ይመስላሉ፣ ጥላ ግን የላቸውም። እናቷ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ እዚያ ገብታ ቀርታለች። ሰላም በየመጽሐፉ እናቷን ልታመጣ ትሄዳለች፤ በየመጽሐፉ ብቻዋን ትመለሳለች። በስድስተኛው መጨረሻ በሰውና በእነዚያ ጥላ ቢሶች መካከል የቆየ ደም እንዳለ ይሰማና ታሪኩ እዚያው ላይ ይቆማል። የመናፍስት ወሬ ያለበት መጽሐፍ ቤቴ ሲገባ አልወደድሁም ነበር፤ ትርሲት ስታነብልኝ ግን፣ ወፍጮው ከቆመም በኋላ ጆሮዬ ውስጥ የሚቀረው ጩኸት ጸጥ ይል ጀመር።

ትርሲት ከመስቀል ማግሥት ለመምህርነት ትምህርት ወደ ደሴ ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ሰባተኛውንና የመጨረሻውን መጽሐፍ አብረን እንድንጨርስ ተነጋግረን ነበር። መጽሐፉ በነሐሴ መጣ፤ እርስዎም በቁም ሳጥንዎ ቆለፉበት። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ የመጽሐፉ ርዕስ “ደም አድራቂዋ” መሆኑን አይተው፣ “ደም የምታደርቅ ሴት ለትውልድ አርአያ አትሆንም” በማለት ልጆቻችንን ከጠንቋይ ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። በእኛ አገር ደም ማድረቅ ማለት ሰው የገደለና ሰው የሞተበት ቤት እንዳይተላለቁ ሽማግሌ መሐል ገብቶ ማስታረቅ መሆኑን፣ እዚሁ አጠገባችን ጎብዬ ተወልደው ላደጉት ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ምናልባት ለስብሰባ ሲመላለሱ ቃሉ ከመኪና ላይ ወድቆብዎት ይሆናል፤ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው እንዲመልስልዎ አሳስባለሁ።

2ኛ/ ልጄ ከስድስተኛው የሚቀጥለውን ስትጠይቅ፣ በመደርደሪያው ባዶ ቦታ የሰኩትን የዶሮ እርባታ መመሪያ ስለሰጧት አመሰግናለሁ። ተስፋ ሳንቆርጥ አነበብነው። ሰላም የለችበትም፣ እናቷም የለችበትም። ስለ ዶሮ በሽታው ስለ ፈንግል የተጻፈው ግን ጠቅሞናል።

3ኛ/ ጉዳዩን ኮሚቴ እንዲያየው በማድረግዎ አመሰግናለሁ። ከኮሚቴው አንደኛው ወደ ሮቢት ተዛውሯል፤ ሁለተኛው ዋጃ ለሠርግ እንደሄደ ነው፣ ሙሽሮቹ እንኳ ተመልሰዋል ይባላል። የቀሩት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎም ምልዓተ ጉባኤ ካልተሟላ ከራስዎ ጋር አይሰበሰቡም። ለደንብ እንዲህ የሚታመን ሰው እግዚአብሔር ያብዛልን።

4ኛ/ “መጽሐፉ ርኩስ መንፈስ እንደሌለበት የሃይማኖት አባት ይመስክርልዎ” ስላሉኝ መምሬ ገብረ ማርያምን ይዤ መጣሁ። የልጄ ጓደኛ ራህመትም መጽሐፉን እየጠበቀች ስለነበር አያቷ ሸህ ሸረፈዲን አብረውን መጡ። ሁለቱ አባቶች በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው የስንቱን ቤት ደም እንዳደረቁ አገር ያውቃል። ሸህ ሸረፈዲን ርዕሱን ሰምተው፣ “ኤፍሬም ልጄ፣ ደም ማድረቅ የሚያስቆልፍ ከሆነ ወላሂ እኔንም አስገባኝ፤ ቁም ሳጥንህ እንደሁ ሰፊ ነው” አሉ። መምሬም፣ “እኔ ከታችኛው መደርደሪያ ይበቃኛል” አሉ። ባለመሳቅዎ የቢሮው ክብር ተጠብቋል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

5ኛ/ ከዚያ ትዕግሥትዎ አለቀና እንዲህ አሉን፦ “ጋሽ ሞላ፣ እርስዎ ምን ያውቃሉ። መጨረሻ ላይ እኮ እናትየዋ የደሙ ካሣ ሆና እዚያው ትቀራለች። ልጅቱ ብቻዋን ነው የምትመለሰው። ይሄ እናት ለሌላት ልጅ ይነበባል?”

ትርሲት ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሸህ ሸረፈዲን መቁጠሪያቸውን አቆሙ። እርስዎም በእጅዎ የያዙትን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ መፈለግ ጀመሩ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተው። ያን መጨረሻ እኔም ስፈራው ነበር የከረምሁት። እናትየዋ ከተመለሰች ልጄ የቤታችንን በር በምን ዓይን ልታየው ነው እል ነበር። ካልተመለሰች ደግሞ ያቺን ገጽ ማን ያነባታል፣ እሷ ወይስ እኔ? የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ የማደርግ ክርስቲያን፣ በልብ ወለድ ላለች ሴት መመለስ መጸለይ ነውር ይሆንብኝ እንደሆነ መምሬን ጠይቄአቸዋለሁ። “ለተጻፈ ሰው አይጸለይም፤ ለሚያነበው ይጸለያል” አሉኝ። ያቺን ገጽ እኔው በድምፄ ላነብላት፣ ከብዶኝ ብቆም እንኳ በእኔ ድምፅ እንዲሆን ወስኜ ነበር። እርስዎ ቀደሙኝ። ሸክም አቅልለውልኝ ይሁን ድርሻዬን ነጥቀውኝ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። አስፋልቱን ለመሻገር ከባድ መኪኖቹ እስኪያልፉ ቆመን ሳለ፣ እሷው ናት የተናገረችው። “አባ፣ እንደማትመለስማ ከሦስተኛው መጽሐፍ ጀምሮ አውቄዋለሁ። እንዴት እንደሚሰነባበቱ ነው ያላወቅሁት።”

አስካለ ስታርፍ ትርሲት ትምህርት ቤት ነበረች።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሲጠብቁት የነበረው መጨረሻ ከአፍዎ ወጥቷል፤ ቁልፉ ከእንግዲህ የሚጠብቀው ነገር የለም። የቀረን ስንብቱ ብቻ ነው፤ እሱን አውሱን። መስቀል ቅርብ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኛም መሰነባበታችን አይቀርም፣ እንዴት እንደሚደረግም ሁለታችንም አናውቅበትም።

ለደንብ ባለዎት ጽናት እየተገረምሁ፣ በቁም ሳጥንዎ ላይ የተቀመጠው አቧራ እንኳ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ እንዳይነሣ እየጸለይሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ሞላ አባይ
የትርሲት አባት

ከፊርማ በኋላ የመጣልኝ፦ ደም ታደርቃለች ያሉትን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብዎን በገዛ አንደበትዎ ስለመሰከሩ፣ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ደምዎን ቢያስመረምሩ እወዳለሁ። ጎድሎ ከተገኘ ይቅርታዬን በዚሁ በር ላይ እለጥፋለሁ። ሙሉ ከሆነ መጽሐፉን ይዘውልን ይምጡ። እናትየዋ ትቀራለች ሲሉን ድምፅዎ ተሰብሮ ነበር፤ ሸህ ሸረፈዲን የደም ማነስ ነው ብለዋል፣ እኔ ግን ገጹ ነው ባይ ነኝ።