በሰው ስልክ «እስማማለሁ»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 4፡00

መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ኮፒ ማሽኑ የአንድ ሰውዬ ወረቀት ግማሹን ውጦ ቆሟል። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ እኔ ምን ላድርገው? ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ማመልከቻ ጽፌ፣ ሁለት ስልክ ላይ አፕ ጭኜ ትከሻዬ አልቋል።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ የምነጫነጭብሽ ግን በመብራት አይደለም። ጠበቃው ብሩክ መጥቶ ነበር። ጋሽ ዱካሌና ጎረቤቶቻቸው በባጃጁ አፕ ኩባንያ ላይ የመሠረቱትን ክስ ያለ ክፍያ የያዘላቸው እሱ ነው። ኩባንያው መቃወሚያ አስገብቷል። ጉዳዩን ፍ/ቤት ሊያየው አይችልም፣ እያንዳንዱ ከሳሽ ለየብቻው አ.አ. ሄዶ በግልግል ዳኛ ይዳኝ ይላል። ምክንያቱ? ሁሉም አፑን ሲጀምሩ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭነዋል።

የተጫንኩት እኔ ነኝ። በሁሉም ስልክ ላይ። ለብሩክ አልነገርኩትም። ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ከሥር ከመሠረቱ ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

አምና እዚህ ዲላ ባጃጅ የሚጠራባቸው ሁለት አፖች ነበሩ። ይሄኛው ኩባንያ ለሌላው የሠራን ሹፌር ከአፑ ይዘጋዋል። ሹፌሮች ፈሩ፣ ሌላኛው ከስሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እንዳሻው ነው። ያለ አፑ የጫነም ይዘጋልና እጅ አንስቶ ባጃጅ ማስቆምም ቀረ። የጋሽ ዱካሌ ባለቤት እትዬ አስቴር እግራቸውን ታመው ከመንደራቸው ከጪጩ ወደ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። አንድ ቀን ስልካቸው ባትሪ ጨረሰ። ባዶ ባጃጅ በላይ በላዩ እያለፋቸው ዝናብ ላይ ቆመው ዋሉ። ጋሽ ዱካሌ በማግሥቱ ጎረቤቱን ሁሉ አስከትለው መጡ። የክስ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ።

አፑን የጫንኩትም እኔ። በገበያ ቀን ይመጣሉ፣ ስልካቸውን ከነምስጢር ቁጥሩ ያስረክቡኛል፣ «አስገቢልኝ» ብለው ወደ ገበያቸው። ሲመለሱ ይወስዳሉ። እዚህ አሠራሩ ይኸው ነው። እኔም ሰልፉ ከበር ውጭ ሲደርስ ጣቴ ሳላስበው ይሄዳል።

የባሰው ሌላ ነው። የኩባንያው ወኪል ነኝ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ውሉን አንብቤ እንዳስረዳሁ በየወሩ ቅጽ ላይ ፈርሜያለሁ። አንድም ቀን ለአንድም ሰው አላነበብኩም። ዐይኔን በጨው አጥቤ ፈረምኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ከብሩክ ጋር ጪጩ ሄድን። ግልግል መባሉን ሰምተው ደስ ብሏቸው ጠበቁን! ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሶንጎ ተጠርጓል። ለኩባንያው ሰዎች መቀመጫ ሳይቀር ተለይቷል። ጋሽ ዱካሌ ክሱን ትተን እንነጋገር፣ እነሱም ይበሉ እኛም እንበል፣ ጥፋተኛው ይካስ አሉ። ብሩክ እያፈረ አስረዳቸው። ዳኛው እዚህ አይመጣም። አንዱ ከሳሽ ሲናገር ሌላው አይሰማም። ሁሉም ለየብቻው፣ አ.አ.።

«ጎረቤት ያልሰማው ደግሞ ምን ግልግል ነው?» አሉ ጋሽ ዱካሌ። «አስቴር በዚህ እግሯ አዲስ አበባ ልትሄድ?»

ብሩክ ቀጠለ። የንግድ ውድድርና የሸማች ጉዳይ ለግልግል እንዳይሄድ ሕግ ይከለክላል። ኩባንያው ግን ይሄ የውድድር ጉዳይ አይደለም፣ ተራ የውል ክርክር ነው ይላል። እንደዚያ ከተባለ ወሳኙ ነገር ሰዎቹ መስማማት አለመስማማታቸው ነው። እና ጠየቃቸው፣ ማናችሁ ናችሁ የተጫናችሁት?

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በክፋት አይደለም። ስለ ስልክ ሲጠየቁ ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው የሚዞሩት። ላብ አጠመቀኝ።

ስንመለስ ለብሩክ ሁሉንም ነገርኩት፣ ቅጹንም ጭምር። ከዚያ ምስክር እንድሆን ጠየቀኝ። የፈረምኩት ውሸት እንደሚወጣ፣ ኩባንያውም ዝም እንደማይለኝ አልደበቀኝም። ላስብበት አልኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ደክሞኛል። ባለቤቴ ማቴዎስ ከት/ቤት መጥቶ ያንኑ ይደግማል፣ ዝም በይ። አንቺ ሰው ረዳሽ እንጂ ማንን ገደልሽ ይላል። እውነቱን ነው ብዬ አስባለሁ። ደግሞ አይደለም ብዬ አስባለሁ።

ከሰዓት የኩባንያው ሰው ደወለ። እንዴት ያለ ትሕትና! ጤናዬን ጠየቀ፣ የማቴዎስን ጠየቀ። የፈረምኳቸው ቅጾች በሙሉ በጥንቃቄ እንደተቀመጡ ነገረኝ። ሌላ ምንም አላለም። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ተሳደብኩ። ከዚያ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስጠረዝ መጣች፤ ደስታዋ ተጋብቶብኝ እየሳቅኩ ጠረዝኩላት። እሷ ስትወጣ ያው ሆንኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ከጸሎት በኋላ እትዬ አስቴር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አነበብኩላቸው ብዬ እንደፈረምኩ፣ እንዳላነበብኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ብታነቢልኝስ እቆምልሽ ነበር? ጎመኔን ማን ይሸጥልኝ ነበር?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «ግን ስለ እኔ እሺ ስትይ ምን እንዳልሽ አንቺ ማወቅ ነበረብሽ፣ ልጄ» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። እንባዬን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ፣ ጭራሽ ባሰብኝ።

ቤት ገብቼ የደንበኛውን ውል ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩ። ከዳር እስከ ዳር። ምሳ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ፣ እኔ ገና ነኝ። የግልግሏ ነገር ወደ መጨረሻው ሁለት መስመር ናት። ከዚያ የወኪልነት ውሌን ስልኬ ላይ አወጣሁ። ያንንም አንብቤው አላውቅም ነበር። እዚያም አለች። ወኪሉ ከኩባንያው ጋር ቢጣላ አ.አ.፣ በግልግል፣ ብቻውን።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ጠዋት 2፡40

ፍ/ቤት፣ ኮሪደር። ተራ እየጠበቅኩ በጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ማቴዎስ አልመጣም፤ ቁርስ ግን ራሱ ሠራልኝ። የጪጩ ሰዎች ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። የኩባንያው ጠበቃ ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ብሩክ ጎኔ ተቀምጦ በዝግታ ነገረኝ። የምሰጠው ቃል ተቀባይነት ካገኘ እነሱ እዚሁ፣ ዲላ፣ አንድ ላይ ሆነው ይከራከራሉ። እኔን ግን ኩባንያው አዲስ አበባ ይጠራኛል። ይሄንን ውልሽን አንቺም ሳታነቢ ነው የተስማማሽው ብለን እንሞክር አለኝ። እምቢ አልኩት። የእነሱን ሌላ ሰው ተጫነላቸው። የእኔን ማን ተጫነልኝ? ስልኩ የኔ፣ ጣቱ የኔ፣ ፊርማው የኔ። ሲጠሩኝ ብቻዬን እሄዳለሁ።

እፈራለሁ። ቢሆንም ዛሬ እናገራለሁ፣ ወስኛለሁ። ማን ተጫነ ብለው ሲጠይቁኝ እኔ ነኝ እላለሁ። አንብበሽላቸው ነበር ሲሉኝ

ስሜ ተጠራ።