ኮፈኑ ላይ የደረቀው ጠበል

ሀይለማርያም፣

በአውቶቡስ ሥራ ሄጃለሁ። የመኪናዬ ቁልፍ ፍሪጁ ላይ ነው።

ጴንጤ መሆኔን እያወቅክ ሳትጠይቀኝ ጠበል ረጨህባት። ይባስ ብለህ «ጠበል አይጠረግም» ብለህ በዚህ በኦሮራ ከተማ ፀሐይ አደረቅከው! ኮፈኑ ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል።

አንተው በኮምጣጤና በውሃ አስለቅቀው። በዕቃ ሳሙና እንዳታጥባት፣ ቀለሙ ላይ የቀረውን ሰም ሙልጭ ያደርገዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ኮፈኑ ሲቀዘቅዝ፣ ሲላንቱን፣ ያንን የቀለም መከላከያ ቅባት፣ ስስ አድርገህ ቀባት፤ ይህን ፀሐይ የሚችለው እሱ ነው። የሚረጨው ሰም፣ ስፕሬዩ፣ ከላይ መደረቢያ ነው፣ ብቻውን አይቆይም።

ትናንት ስለ ጠበሉ ተቆጥቼ የተናገርኩት...

እናትህ ጠበሉን ለእኔ ብለው ከአገር ቤት ድረስ መሸከማቸውን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?

ጣሪያው ላይ፣ ከሾፌሩ ወንበር በላይ ያለችውን ነጠብጣብ እንዳትነካት።

ደምሰው